ካሜራው የማያየው በርጩማ

«ቁንጫ! በርጩማዬን የት ጣልሽው?» ስትል እናቷ ከወዲያኛው ክፍል ጮኸች።

በርጩማው ከልጅቷ ሥር ነበር። ሰፊ ቀሚሷን እስከ ወለሉ ለቃበት ተደላድላ ተቀምጣለች። ስኳር ዕቃው ላይ የተደገፈው ስልክ የሚያሳየው ከወገቧ በላይ ብቻ ነው።

ስልኩ ውስጥ ተማሪዎቹ በትንንሽ ሳጥን ተደርድረው ተንበርክከዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በቀጥታ እየተገናኙ የጃፓንን የሻይ አቀራረብ ይማራሉ። መምህርቷ እዚያው ጃፓን የሚኖሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው፤ የሚሉትን አንዲት ወጣት ታስተረጉማለች። ደንባቸው አይነቃነቅም። ተረከዝ ላይ ቁጭ ተብሎ፣ አረንጓዴው የሻይ ዱቄት በቀርከሃ መምቻ ተመትቶ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ውልፍት የለም።

ውልፍት የለም ብሎ ነገር ለቁንጫ! ምሳዋን ሳትጨርስ የምትነሳ ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ እግሯ ዴስኩን ሲያንቀጠቅጠው የሒሳብ አስተማሪዋ «እባክሽ ያንን ሞተር አጥፊልን» ይላታል። የመጀመሪያ ቀን ተንበርክካ እግሯ ሲደነዝዝ፣ ጉንዳን የወረራት መስሏት ለመጮህ ምንም አልቀራትም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በርጩማውን አገኘች።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። መምህርቷ ሳጥኖቹን ሲያዩ ቆይተው «ይህችን ልጅ ተመልከቱ፤ እንዴት የረጋች ናት» አሉ። የረጋች! ከተወለደች ጀምሮ ማንም እንዲህ ብሏት አያውቅም። ቃሉን እንደ ከረሜላ አፏ ውስጥ ስታገላብጠው ሰነበተች።

ሎጋ ባትኖር ኖሮ ነገሩ ምንም አልነበረም። ሎጋ የክፍሏ ልጅ፣ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ከራሷ ቤት ሆና አብራት ትማራለች። እግሯ ከመርዘሙ የተነሳ የት እንደምታጥፈው ይጨንቃታል። እሷ ግን የእውነቷን ትንበረከካለች፤ የእውነቷን ትሰቃያለች፤ በየሳምንቱም «ረጋ በይ» ትባላለች። ዛሬ ትምህርቱ ሊጀመር ሲል መልእክት ላከች።

«የመጨረሻዬ ነው፣ አቆማለሁ። አንቺን ሳይ በራሴ አፍራለሁ። ለዚህ ነገር የተፈጠርሽው አንቺ ነሽ።»

«ባክሽ አታካብጂ» ብላ መለሰችላት። ቀሚሷን ጎተት አድርጋ በርጩማውን ሸፈነችው።

አሁን አስተርጓሚዋ የቁንጫን ስም ጠራች። «በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ተማሪዎች ይመጣሉ። አቀማመጥ እንድታሳዪያቸው መምህርታችን አንቺን መርጠዋል። እስቲ ስልክሽን ወደ ኋላ አርቂውና ሙሉውን እንይሽ።»

ኔትወርክ ተቋረጠብኝ ማለት ይቻላል። ጣቷ መዝጊያው ላይ ደረሰ። ሎጋ በሳጥኗ ውስጥ ፊቷን አጨማድዳ ጉልበቷን ታሻለች።

በሩ ተበረገደ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ ላይ ስፒል ይዛ፣ አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላ ገባች።

«ይሄ በርጩማ ቅዳሜ ቅዳሜ እግር ያወጣል እንዴ? ደንበኛዬ ቀሚሷን ለብሳ ተገትራለች! የቀሚሷን ጫፍ አጎንብሼ ነው የምለካላት?»

«እማ፣ አንዴ ቆይ።»

«ምኑን ነው የምቆየው?»

ቁንጫ ብድግ አለች። ስልኩን አንስታ ወዲያኛው ግድግዳ ሥር፣ ወለሉን እንዲያሳይ አድርጋ አቆመችው። በርጩማው ክፍሉ መሃል ብቻውን ተገተረ። ለእናቷ ከማቀበሏ በፊት ከፍ አድርጋ ለካሜራው አሳየችው።

«ስቀመጥ የነበረው እዚህ ላይ ነው» አለች። «ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ።»

አስተርጓሚዋ አመነታች፤ ከዚያ ተረጎመችው። የመምህርቷ ፊት ምን እንደሚል ከዚያ ርቀት አይለይም፤ ስልኩን ራሷ ናት ያራቀችው። የሎጋ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ ተሰማ።

«አንቺ! ጉልበቴ እኮ ተልጧል! ቆይ ብቻ፣ ሰኞ እንገናኛለን!»

እናቷ በርጩማዋን አቅፋ፣ አንዴ ልጇን አንዴ ስልኩን አይታ፣ ወጣችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

ቁንጫ ባዶው ወለል ላይ ተንበረከከች። ብዙም ሳይቆይ ጉንዳኖቹ መጡ። ወደ ቀኝ ዘመም፣ ወደ ግራ ዘመም አለች፤ ሁሉም እያያት። ከዚያ መምቻውን አነሳች።