መምህሩ ያላያት ሴት

ፊደል ስላልቆጠርኩ የሚያምነኝ የለም። "እማማ፣ ህልም አይተው ይሆናል" ይሉኛል። ህልምና እውን የማልለይ ጅል መስያቸው!

የሆነ ነገር ነው... በዓይኔ በብረቱ ያየሁት። ጎረቤቴ በስልኳ እየጻፈችልኝ ነው፤ አንዲት ቃል እንዳታሳምር አስምያታለሁ።

ዓርብ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የሥዕል ትምህርት ቤቱ ፎቅ ላይ ያለው ትልቁ ክፍል።

ያን ክፍል ሠላሳ ዓመት ጠርጌዋለሁ። እየጠረግሁም ተምሬበታለሁ። መምህሩ ተማሪዎቹን ሁሌ እንዲህ ይላቸዋል፦

"ሥዕሉ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት በእጃችሁ ሸፍኑ። መጀመሪያ እዩ! ፊት ለፊት ምን አለ? መሃል ላይስ? ከጀርባስ? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ጥላው ወዴት ይወድቃል? ማን ሳለው የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።"

እኔ መሸፈን አላስፈለገኝም። ወረቀቱን አላነበው... የማየው ሥዕሉን ብቻ ነው።

እዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ረጅም ኮሪደር ነው። በግራ መስኮት፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር። ከጀርባ፣ ከሩቁ በር ላይ፣ ጣት የምታህል ሴት ፊቷን አዙራ ቆማለች።

የሳለችው ታላቅ እህቴ ናት። ሴትዮዋም ራሷ ናት። ቀለሙን ስትበጠብጥ አጠገቧ ነበርኩ።

እህቴ አፈር ስትገባ መምህሩ ወረቀት ለጠፈበት። ተማሪዎቹ ሲያነቡት ሰማሁ...

የራሱን ስም!

ሄጄ ተናገርኩት። ሳቀብኝ። "አንቺ ወለልሽን አጽጂ" አለኝ።

ወለሌን ማጽዳት ቀጠልኩ። ዝም ያለ ሁሉ ግን የረሳ አይምሰላችሁ።

ሰኞ ዕለት አቧራውን ሳራግፍ... ሴትዮዋ ወደኛ ዞራለች።

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ።

ረቡዕ፣ ኮሪደሩ መሃል ደርሳለች። ክንድ ታህላለች። ወንበሩ ጥላ አለው፣ በሩ ጥላ አለው...

እሷ የላትም።

የመምህሩን እጅጌ ያዝኩ።

"መምህር... ሥዕሉን ይዩት።"

"አውቀዋለሁ።"

"ይዩት እንጂ!"

"ሴትዮ፣ የገዛ ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?"

ዓይኑ ግን ወረቀቱ ላይ ነበር። ስሙ ላይ። የሰውን ልጅ "እዩ፣ እዩ" እያለ ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ያን ሥዕል ራሱ ቀና ብሎ ካየው ስንት ዘመኑ! ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው።

አንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ሁለተኛ አልነግረውም አልኩ በልቤ።

ዓርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተማሪዎቹ ወጥተዋል። እሱ ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ፈተና ያርማል። እኔ መወልወያዬን ይዤ በሩ ላይ ነኝ።

እህቴ ፊት ለፊት ደርሳለች። እጇን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳርፋለች።

ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ...

እጇ ወንበሩ ላይ የለም።

መምህሩ ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ።

"መስኮቱን ማን ከፈተው?"

መስኮቱ ዝግ ነበር።

"ማነው?" አለ፣ ዞር ሳይል። "እማማ... አንቺ ነሽ?"

አንዲት ቃል ብተነፍስ ይድን ነበር።

በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። ይቅር በለኝም አልልም።

አስር ቆጥሬ ከፈትኩ። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ይንከባለላል...

ሰው የለም። ክፍሉ ደግሞ ሌላ በር የለው።

ፖሊስ መጣ። ቁም ሳጥን ተከፈተ፣ መሳቢያ ተበረበረ። አንድም ሰው ሥዕሉን ቀና ብሎ አላየም።

እኔ አየሁ።

ወንበሩ ላይ አንድ ሰውዬ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ትከሻው... ከፍ... ዝቅ... ይላል።

እህቴ ግን በሥዕሉ ውስጥ የትም የለችም።

የትምህርት ቤቱን አዲስ ዳይሬክተር ትናንት ብቻውን ክፍሉ ውስጥ አገኘሁት። ያን ወረቀት ጎንበስ ብሎ ያነባል።

"ልጄ፣ እሱን ቅደደው" አልኩት። "የእህቴን ስም እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ።"

"እናቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር እኮ ማስረጃ ይፈልጋል..."

ከትከሻው በላይ ተመለከትኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

"ማስረጃህ ከኋላህ ቆማለች። እንዳትዞር... ጻፍ!"