እፍ እና ክንፍ

ዶክተር የሚሏት ሐኪም ሆና አይደለም። የቆዩ የጌም ካሴቶችን እየፈታች፣ እየጠረገች፣ የደከመ ባትሪያቸውን እየቀየረች ነፍስ ስለምትዘራባቸው ነው። ደንበኞቿ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ በልጅነታቸው የተጫወቱበትን፣ ወይም አምሯቸው የቀረውን ካሴት ካለበት አስሰው የሚገዙ ትልልቅ ሰዎች። አንዳንዱ ካሴት ከነካርቶኑ ከተገኘ መኪና ይገዛል። እናቷ ይህን ሲሰሙ «እኔስ የምፈልገው ያንቺን ደንበኞች የሚያክም ዶክተር ነው» ይላሉ።

ሱቋ ጠባብ፣ መስኮት የሌለው ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ መብራት ያለው አጉሊ መነጽር፣ መበየጃ፣ አልኮልና ጥጥ፣ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ቴሌቪዥን ከነጌም ማጫወቻውና ከነጆይስቲኩ። ግድግዳው ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ማስታወቂያ አለ፤ «ካሴት ላይ እፍ ማለት ክልክል ነው!» ካሴት እምቢ ሲለው አውጥቶ እፍ ያላለ ሰው የለም፤ ሁሉም በዚያ የዳነለት ይመስለዋል። የሚድነው ነቅሎ መልሶ በመሰካቱ ነው። ትንፋሽማ እርጥበት ነው፤ የመዳብ ጥርሶቹን ቀስ እያለ ያዝጋቸዋል።

እሱ የመጣው በጠራራ ፀሐይ፣ መንገዱ ለምሳ ጭር ባለበት ሰዓት ነው። ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ወጣት። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ይዟል። ከሰላምታ በፊት ማስታወቂያውን አነበበ፤ አንብቦም ዓይኑን ቶሎ አላነሳም።

«ዶክተሯ አንቺ ነሽ?»

«እንደ በሽተኛው ነው» አለች። «ምን ይዘህ መጣህ?»

መሐረቡን ፈታው። ዶክተሯ ከወንበሯ ብድግ አለች። ጥቁር ካሴት ነው፤ ድሮ ለአንድ ውድድር ብቻ ተብሎ ሠላሳ ፍሬ የተሠራ፣ እሷ በወሬ እንጂ በዓይኗ አይታው የማታውቀው። ጠጋ ብላ ስታየው ግን ፊቱ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል፤ «እፍ እና ክንፍ» ይላል።

«ይህን የሞነጫጨረው ማን ነው? እጁን መቁረጥ ነበር!»

«ሞታለች» አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

ክው አለች። ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ።

እሱ ግን አልተቀየማትም። ወንበር ስትስብለት ተቀመጠና ነገራት። እፍ እጮኛው ነበረች። ሁለቱ እፍ ክንፍ ሲሉ ያዩ ጓደኞቻቸው በፌዝ እሷን እፍ፣ እሱን ክንፍ አሏቸው፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ለእሷማ ልኳ ነበር። ትኩስ ሻይ ላይ፣ አቧራ ላይ፣ የተላጠ ጉልበት ላይ፣ ከሁሉ በላይ ካሴት ላይ፣ እፍ ሳትል አታልፍም። ካሴቱን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ፣ ከተሰባበሩ ስልኮች ሥር ያገኘችው እሷ ናት። ከሞተች ሁለት ዓመቷ።

«ጌሙ ሦስት ተጫዋች ይመዘግባል» አለ ክንፍ። «አንደኛው መስመር ላይ እፍ አለች። ሁለተኛው ላይ እኔ። ሦስተኛው ባዶ ነው። እሷ የመጨረሻው በር ድረስ ደርሳ ‹ነገ እጨርሰዋለሁ› ብላ አቆመች። በማግስቱ ሆስፒታል ገባች።»

«አንተ ለምን አትጨርስላትም?»

«በሩን አልፎ የጨረሰ ሰው ስሙ ይሰረዛል፤ ጌሙ እንደዚያ ነው የተሠራው። ደግሞም ብፈልግም አልችልም። በራሴ መስመር ሁለት ዓመት ሞከርኩ፤ ከበሩ ወዲያ አንድ እርምጃ አልሄድኩም።» መሐረቡን አጠፈው። «በየሳምንቱ እከፍተዋለሁ። በሩ ፊት ቆማ አያታለሁ። ከዚያ አጠፋዋለሁ። አሁን ግን ባትሪው እያለቀ ነው።»

ባትሪው ከሞተ መዝገቡ እንደሚጠፋ ዶክተሯ ከእሱ ይበልጥ ታውቃለች። መፍትሔውንም ታውቃለች፤ በሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከውጭ ኃይል እየሰጡ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን መተካት። ሽቦው ለቅጽበት ከተንሸራተተ ግን አለቀ።

«የሚስማማው ባትሪ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ይፈጃል» አለችው። ባትሪው መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ለምን እንደዋሸች ያን ቀን አልገባትም፤ ገብቷት ቢሆን ኖሮ ብዙ ነገር ባልደረሰ።

«ጥርሶቹን አትጥረጊያቸው» አላት ከበሩ ላይ ዞር ብሎ። «አደራ።»

እንደሄደ በካቻቢቴዋ ካሴቱን ፈታችው። ጥርሶቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ቋጥሯል። ስንት ዓመት ሙሉ የተነፈሰችበት የዚያች ልጅ ትንፋሽ ነው። ዶክተሯ አጉሊውን እንዳስጠጋች፣ ልክ ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ «እፍ» የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር አለች። ማንም የለም። ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ የነበረው አቧራ ካሴቱን ከብቦ ተጠርጓል።

የድካም ነው ብላ አለፈችው። በማግስቱ ግን ጋሼ ሙዚየም መጡ። እኚህ ሰው ሁለት ክፍል ሙሉ ካሴት ከነላስቲኩ ደርድረው አንዱንም ተጫውተውበት የማያውቁ ሰብሳቢ ናቸው። ጥቁሩን ካሴት ሲያዩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰቀሉና ተጠጉት።

«ይህን ጽሑፍ እኮ በአልኮል ማስለቀቅ ይቻላል!» ብለው ጣታቸውን ሰደዱ። ወዲያው አንገታቸውን ይዘው ዘለሉ። «ኧረ መስኮቱን ዝጊ ልጄ፣ ብርድ መታኝ!»

«መስኮት የለኝም እኮ ጋሼ።»

ጋሼ ሙዚየም አራቱንም ግድግዳ አዩ። ባርኔጣቸውን እንኳን ሳያነሱ ወጡ፤ ባርኔጣው እስከ ዛሬ እዚያው ተሰቅሏል።

ክንፍ በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይመጣ ጀመር። የመጀመሪያ ቀን «ባትሪው መጣ?» ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛ ቀን ዳቦ ይዞ መጣና ጠየቀ። ሦስተኛ ቀን ዳቦውን ይዞ መጥቶ መጠየቁን ረሳ። ካርታ ቀያሽ ነው፤ ሜዳ ለሜዳ እየዞረ ሰው ያልሄደበትን ይለካል። እሷ ስለ አባቷ ነገረችው፤ ሱቁ የእሳቸው እንደነበረ፣ መበየጃ መያዝ ያስተማሯት እርሳስ መያዝ ሳትለምድ እንደሆነ። ሲስቅ ትከሻው ቀና ይላል። ዓይኑ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ እሷ ካቻቢቴዋን ታነሳለች፤ የሚፈታ ነገር ግን የለም።

አንዳንዴ ካሴቱን ሰክተው ያያሉ። ሰማያዊ ካባ የደረበች፣ ጣት የምታክል ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ትልቅ የብረት በር ፊት ቆማለች። በአራተኛው ቀን ሁለቱ ሲሳሳቁ ዶክተሯ በጎን ወደ ቴሌቪዥኑ አየች። ልጅቷ ፊቷን አዙራለች። ወደ እነሱ ነው የምታየው። ዶክተሯ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ ልጅቷ በሩ ላይ እንደተተከለች ናት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም» አለች። ሳቁ ግን ከአፏ ጠፋ።

ማታ እናቷ ፊቷን አይተው ነገሩን ጨመቁት። እናት መቼም ከመርማሪ ትብሳለች።

«ትወጂዋለሽ?»

«እኔ እንጃ እማዬ።»

«እኔ እንጃ ማለት አዎ ነው። ስሚኝ ልጄ፤ የሞተ ሰው አያረጅም፣ አይነጫነጭም፣ ወጥ አያሳርርም። ከእንደዚህ ያለች ሴት ጋር አትፎካከሪ፤ አታሸንፊያትም።»

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ዶክተሯ በሯን ከውስጥ ቆለፈች። አንዱን ሽቦ አሰረች፣ ሁለተኛውን በእጇ ያዘች፣ አሮጌውን ባትሪ አላቀቀች። አሁን የእፍ ስም በአንድ ጸጉር በሚያክል ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ የሽቦው ጫፍ ደግሞ በዶክተሯ ግራ እጅ ነው።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣባት። ብለቀውስ? እጄ አመለጠኝ ብለውስ? ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ይድናል። ማን ያያል? ወደደችው፤ እስከ ዛሬ ሰው እንደዚህ ወዳ አታውቅም፤ የሚለያያቸው ይህ ሽቦ ብቻ ነው። ጣቶቿ ላላ አሉ።

በገዛ ሐሳቧ ስትደነግጥ ቀኝ እጇ ሳተና መበየጃው የግራ እጇን አውራ ጣት ጠበሰው። ጮኸች። ሽቦውን ልትወረውረው ምንም አልቀራት። በዚያች ቅጽበት በተቃጠለው ጣቷ ላይ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ነፈሰባት። እፍ... እፍ... ልጅ ሲቃጠል እንደሚደረገው፣ ቀስ ተብሎ፣ በርኅራኄ። ሕመሙ በረደላት። ዶክተሯ ሽቦውን አጥብቃ ያዘች፤ አዲሱን ባትሪ በየደች። እንባዋ ግን ዝም ብሎ ይወርዳል። የፈራችው ነገር ክፉ ቢሆንባት ይሻላት ነበር።

ካሴቱን ሰካችና ቴሌቪዥኑን ከፈተች። አንደኛ መስመር፣ እፍ። ሁለተኛ መስመር፣ ክንፍ። ሁለቱም አሉ። ማስጀመሪያውን ተጫነችና ጆይስቲኩን ነቅላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች፤ የሚነካው እንዳይኖር። ሰማያዊ ካባ ያላት ልጅ በሩ ፊት ቆማለች። ከዚያ ማንም ሳይነካት ዞረች። ዶክተሯን አየቻት፤ በጣም ረጅም ጊዜ አየቻት። ተመልሳ ዞረችና በሩን ገፋችው። በሩ ተከፈተ፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ገባች። ቴሌቪዥኑ ብዙ ደቂቃ ጠቁሮ ቆየ። ሲበራ ሦስቱ መስመሮች መጡ፤ አንደኛው ባዶ ነው።

የሱቁ በር ተንኳኳ። ክንፍ ነው፤ ዳቦ ይዟል። ገብቶ ቴሌቪዥኑን አየ። ዓይኑ የመጀመሪያው መስመር ላይ ተሰካ፤ ከዚያ ወዲያ አላየም።

«የት አለች?»

«ሄደች። ራሷ በሩን ከፍታ ገባች። ጆይስቲኩ እንኳን አልተሰካም፣ ይኸው...»

«ባትሪውን ስትቀይሪ አመለጠሽ አይደል?» ድምፁ ሱቁን ሞላው። «አመለጠኝ በይ! ሰው ነሽ፣ እጅ ይስታል። ምናለ ተረት ባትነግሪኝ? በእሷ ትቀልጃለሽ?»

ብዙ ማለት ትችል ነበር። ሁለተኛውን መስመር ተመልከት ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። ግን ከአንድ ሰዓት በፊት በልቧ የተመኘችው ነገር አፏን ዘጋው። ዝምታዋን እንደ ጥፋት ቆጠረው፤ ካሴቱን ነቅሎ ወጣ። ዳቦው መሬት ላይ ቀረ።

አምስት ቀን ሱቁን ከፈተች፤ ሥራ ግን አልሠራችም። እናቷ አንዴ «ደውይለት» አሏት፤ አንዴ ደግሞ «እንዳትደውይለት» አሏት። አልደወለችም። በስድስተኛው ቀን፣ በዚያው በምሳ ሰዓት፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል፤ የእንቅልፍ ዘር የዞረበት አይመስልም።

«ሁለተኛውን መስመር ያየሁት ዛሬ ነው» አለ። «የኔ ስም አለ። ባትሪው ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም ነበር የምንጠፋው። በሩን ደግሞ አንቺ ልታልፊው አትችይም፤ እኔም አልቻልኩ። የሄደችው ራሷ ናት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ አንገቱ ላይ ትጠመጠም ነበር። ዶክተሯ ግን ነደዳት።

«ማስረጃ አግኝተህ ነዋ የመጣኸው! ስምህ አብሮ ጠፍቶ ቢሆንስ? ትመጣ ነበር?»

ክንፍ ወለሉን አየ። መዋሸት ይችል ነበር፤ ማንም ሰው በዚህ ሰዓት ይዋሻል።

«አልመጣም ነበር» አለ።

እውነቱ አመማት፤ ግን የእሷንም ጎተተው።

«እንግዲያው እኔም ልንገርህ። ሽቦውን ልለቀው ነበር። ሳላስበው አይደለም፤ አስቤው። እንድትጠፋልኝ ተመኘሁ። ስለምወድህ። አሁን ከፈለግክ ሂድ።»

አልሄደም። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«እኔም» አለ። «ለምን ወዳንቺ ያመጣሁት ይመስልሻል? በራሴ እጅ ማጥፋት አቃተኝ፤ በየሳምንቱ ጀርባዋን ማየትም አቃተኝ። በሰው እጅ ቢጠፋ፣ እኔ ያን ሰው ብወቅስ፣ ከዚያ ባርፍ ብዬ ነው። አንቺን ካወቅኩሽ በኋላማ ምኞቴ ባሰ። መስመሩ ባዶ ሆኖ ሳየው መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ደስታ! ለዚያ ነው እንደዚያ የጮህኩብሽ።»

ሁለቱም አንድ ነገር እያሰቡ ነው፤ መጀመሪያ ለመናገር ግን ሁለቱም ፈሩ።

«ሰምታናለች ማለት ነው» አለች ዶክተሯ በመጨረሻ።

«ሰምታናለች» አለ ክንፍ። «ሁለታችንንም።»

የተቃጠለውን አውራ ጣቷን ሳይነካ እጇን ያዛት። ለሟች ይሁን ለራሳቸው ሳይለዩት አብረው አለቀሱ። ከዚያ ሱቁን ዘግተው ወደ ፀሐዩ ወጡ፤ ብዙ መንገድ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ሄዱ።

በዓመቱ ተጋቡ። እንደማንኛውም ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ ሳህን ይንኳኳል፣ በር ይጠረቀማል። እጅግ ሲናደዱ እንኳን ግን አንዱ በሌላው ላይ ክፉ አይመኝም። በአፍ ቀርቶ በልብ። ምኞት እንደሚሰማ ያውቃሉ።