በቀትር የፈታሁት ጥለት

ከሰው የሰማሁት አይደለም፤ በገዛ እጄ ያደረግሁት፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። ቅዳሜ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ቦታው ከነገሌ ወጣ ብሎ ያለው የችግኝ ጣቢያ ነው።

ቀትር ነበር... ጥላ እግር ሥር የሚገባበት ሰዓት።

የእድራችን ሴቶች በዓመት ሁለት ጊዜ በጭነት መኪና ተሳፍረን እዚያ እንሄድ ነበር። በሚያዝያ ዝናብ እያንዳንዳችን በጣሳ የብርቱካን ዘር እንዘራለን። የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ከነጠላችን ጥለት ቀደን ጣሳው ላይ እናስራለን። በጥቅምት ተመልሰን የበቀለውን ወደ ቤታችን እንወስዳለን።

የዘርፌ ጥለት አረንጓዴ ነበር። የእኔ ቀይ።

ዘርፌ ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እጇ የነካው ሁሉ ይበቅላል ይሏታል። እኔ ካገባሁ አምስት ዓመቴ፣ ልጅ የለኝም። እሷ የመጀመሪያዋን አርግዛ ወሯ ገፍቷል። ያን ዕለት ጠዋት ባሌ ቢረሳው ጫማውን እያሰረ፣ “እስቲ ዘንድሮ እንኳ አንድ ቅጠል ይዘሽ ግቢ፤ ካልሆነልሽ የዘርፌን እጅ ተዋሺ” ብሎኝ ሳቀ።

ለቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ቃሉን እያላመጥኩ ሄድኩ።

ስንደርስ ሴቶቹ ግራሩ ሥር ስንቃቸውን ፈቱ። በዛብሽ የዘርፌን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ ሹሩባ ትሠራላት ጀመር። ጠባቂው ሽማግሌ፣ አባባ ጃታኒ፣ ቀትር ላይ ችግኝ ውሃ እንደማይጠጣ፣ ሰውም ችግኞቹ የተጠለሉበት ዳስ ውስጥ እንደማይገባ ነግረውን ሊያርፉ ሄደዋል።

ወደ ጫካ ደርሼ ልምጣ ብዬ ተነሣሁ።

ዳሱ ውስጥ ገባሁ። ዝምታ... ዝንብ እንኳ የለም።

የዘርፌ ችግኝ ሁለት ስንዝር ሆኗል፤ ቅጠሉ ያብረቀርቃል። የእኔ ጣሳ የተሰነጣጠቀ ደረቅ አፈር ብቻ ነው።

ሁለቱንም ጥለት ፈታሁ። የእሷን ባዶው ላይ አሰርኩ። የእኔን ለምለሙ ላይ...

ያኔ ከኋላዬ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ።

ቀስ ብሎ... ጣሳ ላይ የሚንቆረቆር ውሃ።

ዞርኩ። ማንም የለም። የባዶው ጣሳ አፈር ግን ረጥቧል።

ቀና ስል ዘርፌ ከመደቡ ጫፍ ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

“ወልዬ...” አለች በሹክሹክታ።

ስሜ ወለተሐና ነው። ወልዬ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

“እ...”

“ሁሉንም ነው የምትወስጂው?”

ዓይኔ እግሯ ላይ አረፈ። ጫማ የላትም። ሁለቱ አውራ ጣቶቿ አንድ ላይ ታስረዋል... በአረንጓዴ ጥለት።

የሞተ ሰው እንደሚታሰረው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ዘርፌ ግራሩ ሥር፣ በዛብሽ ጭን ላይ ናት። ጫማዋን አድርጋለች፤ ፀጉሯ ገና ግማሹ ተሠርቷል፤ ትስቃለች። ተነሥታ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። በዛብሽ ከተኛች ወዲህ ንቅንቅ አላለችም አለችኝ።

በስምንት ሰዓት አባባ ጃታኒ ጣሳዎቹን በየጥለቱ አደሉን። ለምለሙ ለእኔ ሲደርስ ሴቶቹ እልል አሉልኝ። ባዶውን ለዘርፌ ከመስጠታቸው በፊት ግን ሽማግሌው ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ።

“ቀትር ላይ ማነው ያጠጣው?”

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

“ያ ዋቅ” አሉ በኦሮምኛ፣ ለራሳቸው። ፈጣሪያቸውን መጥራታቸው ነው።

መኪናው ላይ ዘርፌ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ባዶ ጣሳዋን ሆዷ ላይ አቅፋለች። ብዙ ከሄድን በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“ወልዬ፣ ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር።”

“ምኑን?” አልኳት።

ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች። ያን ጊዜ እውነቱን ነግሬያት ችግኟን ብመልስላት... አልመለስኩም። ቢረሳው አይቶት እስኪደነቅ ቸኩዬ ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ዘርፌ በወሊድ ሞተች።

አጥበን ስንገንዛት በዛብሽ የእግሯን ጣቶች የምታስርበት ክር አጣች። ዙሪያዋን ቃኘች። መስኮቱ ላይ ያ ባዶ ጣሳ ተቀምጧል...

ጥለቱን ፈታችው።

“እስቲ ግጠሚና ያዢልኝ” አለችኝ።

ጣቶቿን ገጥሜ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሲታሰር አየሁ። ጥለቱ አብሯት ተቀበረ።

ከቀብር ተመልሼ ቤቴ ስገባ ቀትር ሆኗል። ቤቱ ተቆልፎ ነው የዋለው። የችግኙ አፈር ግን ረጥቧል።

ቀዩ ጥለቴ የለም... ጣሳው ላይ የታሰረው ሌላ ነው። ጫፉ አፈር ነክቶታል።

ቢረሳውን ጠርቼ ቀለሙን ጠየቅሁት።

“አረንጓዴ ነዋ” አለኝ።

ሕፃኗ፣ ዲንቄ፣ ተርፋ ነበር። አባቷ ሸዋንግዛው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ብቻውን ሊያሳድጋት አልቻለም። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ አምጥቶ ሰጠኝ። ብርቱካኑ ግቢያችን ውስጥ ጸድቆ በ1966 አፈራ። ዲንቄን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እማዬ ብላ የምትጠራውም እኔን ነው።