ጥቁር የተቀባው ቁጥር አራት ስኪ

ሩፐርት ከአለቱ ሥር ተደፍቶ፣ ሞቶ ሲገኝ፣ ሁለቱም የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎች ከእግሩ አልወለቁም ነበር። ለኦበርሻተን መንደር ሰው ይህ ብቻ በቂ ነው። የስኪ መቆለፊያ የተሠራው ሰው ሲወድቅ ጫማውን እንዲለቅ ነው፤ ካልለቀቀ ጥፋቱ የገጠመው ሰው ነው። በመንደሩ መቆለፊያ የሚገጥመው ደግሞ ሰቨሪን ነው።

እናም ገና ሳይረፍድ ሰቨሪን ነፍሰ ገዳይ ተብሎ አለቀለት። ምስኪን፣ ሃያ ዓመት የመንደሩን ጉልበት ሲጠብቅ ኖሮ ዛሬ እንዴት አደርክ የሚለው ሰው አጣ። እስር ቤቱንም፣ የሚዘጋውን ሱቁንም ያስባል።

ኢንስፔክተር ፕራንትል የቀድሞ የስኪ ተወዳዳሪ ናት፤ አንድ ጉልበቷ በብረት ተጠግኗል። አለቱ አናት ላይ ወዳለው የስኪ ማስቀመጫ ጎጆ እያነከሰች ገባች።

«ይሄ ሁሉ ጥቁር ቀለም ምንድን ነው?»

«ለምርጫው ነው፤» አለ ሰቨሪን። «በየዓመቱ ለበረቱ ተንሸራታቾች፣ ለተራራው ሁሉ የሚሆን አንድ ስኪ እንመርጣለን። የማን ሥራ እንደሆነ እንዳይታወቅ ጥቁር ቀብቼ ቁጥር እጽፍባቸዋለሁ። ሁለቱ መዛኞች፣ ሩፐርትና ቫልቡርጋ፣ በየተራ ይሞክሯቸዋል።»

«ቁጥር አራትን ትናንት ከሰዓት ታች ባለው ጥልቅ በረዶ ላይ እኔ ሞከርኩት፤ ዛሬ ጠዋት የሩፐርት ተራ ነበር፤» አለች ቫልቡርጋ፣ ቀጭኗ መዛኝ። «ይሄ እጀ ሰባራ ነው የገደለው።»

«ለሩፐርት ገና አላስተካከልኩትም። ሁለት ሰዓት ላይ ልመጣ ነበር።»

«ታዲያ ማን አስተካከለው፣ ሰይጣን?»

ጥግ ይዞ የቆመው ሽማግሌው ስኪ ሠሪ ጌብሃርድ በአፍንጫው ሳቀ። «የሰው ነፍስ ለእንዲህ ዓይነቱ አደራ ተሰጥቶ።»

«እርስዎስ ከሟቹ ጋር እንዴት ነበሩ?» አለች ፕራንትል።

«ሦስት ዓመት ሥራዬን አመጣሁ፤ ሦስት ዓመት ማገዶ ነው አለኝ። በረዶ ሲደድር ጠባብና ደንዳና ስኪ ያስፈልጋል፣ ጥልቅ ሲሆን ሰፊ። የእኔ ሁለቱንም ትችላለች። ግን ጫማው ከመሃል ምልክቱ ሁለት ጣት ወደ ኋላ መሆን አለበት፤ አለዚያ አፍንጫዋ ትሰምጣለች። ብነግረው ሳቀብኝ።»

«በሕጉ ሁሉም ምልክቱ ላይ ነው የሚቆመው፤» አለች ቫልቡርጋ። «ለአንተ ብለን ሕግ እናጣምም? ማገዶን ማገዶ ቢልህ ምን ይገርማል።»

ፕራንትል ፖሊሶች ከሬሳው የፈቱትን ስኪዎች ገልብጣ ሆዳቸውን በጥፍሯ ዳሰሰች። ከዚያ ማስመሪያ አውጥታ ለካች። ደግማም ለካች።

«ሰቨሪን፣ የመቆለፊያውን ጥንካሬ አንብብልኝ።»

ሰቨሪን ጎንበስ አለ። «ስድስት። ትናንት ለቫልቡርጋ እንዳደረግኩት ነው። ለሩፐርት የሚሆነው ዘጠኝ ነበር።»

ቀትር ላይ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ከላይ ያለው ቁልቁለት ድንጋዩ አግጥጧል፤» ብላ ጀመረች። «የቁጥር አራት ሆድ ግን አንድ ጭረት የለበትም። ዛሬ ማንም አልተንሸራተተበትም። ሁለተኛ፣ መቆለፊያው ለቀጭን ሴት የላላ ነው። እንደ ሩፐርት ያለ ግዙፍ ሰው ቢወድቅበት ወዲያው ይለቀው ነበር። ስለዚህ ሩፐርት በስኪ አልወደቀም። ከጎጆው ደጃፍ ተገፍትሮ ከሞተ በኋላ ነው ስኪው የተደረገለት።»

ቫልቡርጋ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«መቆለፊያው ለእርሷ ትንሽ ጫማ ተጠብቦ ነበር። ገዳዩ ለሩፐርት ትልቅ ጫማ ማስፋት ነበረበት። የኋላውን ብቻ ቢገፋ ይበቃው ነበር። እሱ ግን የፊቱንም የኋላውንም ነቅሎ እንደገና አሰረ፤ ጫማውንም ከምልክቱ ሁለት ጣት ወደ ኋላ አሳረፈው። ሰቨሪን ቢሆን ምልክቱ ላይ ያደርገው ነበር፤ ቫልቡርጋም ሕጉን አትጥስም። በቀለሙ ውስጥ የገዛ ሥራውን ለይቶ፣ ሬሳ እንኳ ተሳስቶ እንዲቆምበት ያልፈቀደ አንድ ሰው ነው። አይደለም እንዴ፣ አቶ ጌብሃርድ?»



«ጠዋት ደጃፉ ላይ ለመንኩት፤» አለ ሽማግሌው። «ሁለት ጣት ብቻ ወደ ኋላ ቁምባት አልኩት። ልጆቼ በስኪህ እሳት ይሙቁ አለኝ። ገፋሁት። ከዚያ... አንዴ እንኳ በትክክል ይቁምባት ብዬ ነው። አልቆጨኝም።»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ፕራንትልም ተከተለቻቸው።

ቫልቡርጋ ጫማዋንና ስኪዋን አምጥታ የሰቨሪን መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «ጠዋት የተናገርኩት ንዴት ነው፤ ያው ሰው ስትሆን ትናደዳለህ። ነገ ልወጣ ነው፣ አስተካክልልኝ።»

ሰቨሪን ካፖርቱን ለበሰ። መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ።

«አንቺው አስተካክዪው፤» አላትና በሩን ክፍት ትቶ ወጣ።

ቫልቡርጋ መፍቻውን አነሳች። ሠላሳ ዓመት ስትንሸራተት ወደ የት እንደሚዞር ጠይቃ አታውቅም።