የጋሽ ኮጪቶ ሰባተኛ መዝሙር

ስለ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲያወራ ከሚስቁት አንዱ ነበርኩ፣ እመኑኝ፣ የሙት ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ማይኩ በደንብ ተሰክቶ ነበር ወይ ብዬ ነው፣ እንጀራዬ ድምፅ መቅዳት ነውና። እዚህ ቦንጋ ከገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ስቱዲዮ አለችኝ፣ በዘርም በአስተዳደግም የጴንጤ ልጅ ነኝ።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ኮጪቶ ክራራቸውን ይዘው መጡ። ከዋጫ እስከ ቢታ ገነት እሳቸው ያልዘፈኑበት ሰርግ የለም፣ በዚሁ ዘፈን ምክንያት ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ካገደቻቸው ዓመታት አልፈዋል። እኛ ዘንድ የታገደ ሰው ሲሞት ዘመድና ጎረቤት ይቀብረዋል እንጂ መዘምራን አይወጡለትም። ጉሮሯቸውን ታመው ነበር፣ ሐኪሞቹ አይተው ወደ ቤት መልሰዋቸዋል፣ መመለስ ማለት ምን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ።

"ልጄ፣ የሚዘምርልኝ የለም" አሉኝ፣ "ለራሴ ዘምሬ ልሂድ።"

ሰባት የጥንት መዝሙሮች፣ መጨረሻው እኛ ዘንድ በየቀብሩ የሚዘመረው መዝሙር፣ አልበም አድርግልኝና ቀብሬ ላይ ክፈተው አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቢሰሙ እኔንም ጠርተው ያግዱኛል ብዬ ፈራሁ፣ እምቢ እንዳልል ግን አንጀቴ አልቻለም።

ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድብ በየጠዋቱ እንቀዳ ነበር። የመጀመሪያውን ሳዳምጥ ከክራሩ ስር ሹክሹክታ ሰማሁ፣ የጎረቤት ሬዲዮ ነው አልኩ፣ በሁለተኛው ቀን ግን ጠርቶ ተሰማኝ፣ የሴት ድምፅ ነው፣ ስንኙን ቀድማ በንባብ ትላለች፣ እሳቸው ተከትለው በዜማ ይቀበላሉ። ዱሮ የመዝሙር መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ በገጠር እንዲህ ነበር የሚዘመረው፣ ፊደል የቆጠረ አንድ ሰው ያነባል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ክፍሏ ውስጥ ግን ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ በሩንም የቆለፍኩት እኔው ነኝ።

ቅጂውን ሳሰማቸው አልደነገጡም፣ ጭራሽ ፈገግ አሉ። "ብርቄ ናት" አሉ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ለካ ጋሽ ኮጪቶ ማንበብ አይችሉም፣ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስንኙን በጆሯቸው ሹክ የሚሏቸው እትዬ ብርቄ ነበሩ።

"እንዳትነካት" አሉኝ።

ነካኋት። ስድስቱ ተቀድተው እንዳለቁ፣ ሽማግሌዎቹ ይህን ቢሰሙ ጥንቆላ ነው ይላሉ ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ራሴም ፈርቼ፣ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ድምፅዋን ከስድስቱም ላይ አጸዳሁ፣ ዋናውን ቅጂም አጠፋሁት።

በማግስቱ ለሰባተኛው ማይኩ ፊት ቆሙ፣ መግቢያውን በክራር ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቃል የለም። ጎናቸውን ዞር ብለው አዩ።

"የት ሄደች?" አሉ።

እኔ ላንብብልዎት ብላቸው እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ፣ ክራራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሞቱ፣ እስኪሞቱ ድረስ ቃል አልተነፈሱም ብላኛለች ልጃቸው።

ቀብራቸው ላይ ድምፅ ማጉያ ይዤ ሄድኩ፣ ሽማግሌዎቹም እንደ ጎረቤት መጥተው ዳር ቆመዋል። ስድስቱ መዝሙሮች ተሰሙ፣ ሳጥኑ መውረድ ሲጀምር አለቁ፣ ከዚያ ማጉያው ትንሽ ሽው አለና ያቺ ድምፅ መጣች፣ ያልተቀዳውን የሰባተኛውን መዝሙር የመጀመሪያ ስንኝ አነበበች።

"በሩን ክፈትልኝ፣ ከውጭ ቀርቻለሁ።"

አንብባ የሚቀበላትን ጠበቀች። ሁሉም ሰምቷል፣ ፊታቸውን አይቻለሁ፣ ማንም ግን አፉን አልከፈተም። ደግማ አነበበች፣ ሦስተኛም አነበበች፣ በሦስተኛው ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። እኔ መዝሙሩን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ዜማውም ቃሉም አይጠፋኝም። ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከትኩ፣ ጎንበስ አልኩና የማጉያውን ገመድ ነቀልኩ።

ገመዱ እጄ ላይ እያለ አራተኛ ጊዜ አነበበች። ከየት እንደሆነ አላውቅም፣ አፈሩ እስኪሞላ ድረስ አላቋረጠችም።

ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ ያነሳብኝ ሰው የለም፣ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይታጠፋሉ፣ እኔም እታጠፋለሁ። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰፈር ብዙ ሰው ሞቷል፣ ያልታገዱም፣ ያንን መዝሙር ቀብር ላይ የሚያነሳ ግን ጠፍቷል።