ትል የበላው ጣውላ

ማዕበሉ ጀልባዋን ከጎኗ መታት። ታንዚላ የመጋዝ ሳጥኗን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ተዘረረች።

«ልመለስ ወይ፣ አፓ እኅቴ?» ብሎ ጮኸ ጀልባ ነጂው ሞክሌስ።

«ስድስት ዓመት ጠብቄ? ንዳው፣ ቻቻ አጎቴ!»

ታንዚላ የእንጨት ተመራማሪ ናት። በሱንደርባን የባሕር ዳር ጫካ፣ ጨዋማው ውሃ በሚሞላበትና በሚጎድልበት ወንዝ ውስጥ፣ አርባ ልዩ ልዩ ጣውላዎች በችካል ላይ አስራ አስቀምጣለች። እንጨት በሊታው የባሕር ትል የትኛውን በልቶ የትኛውን እንደሚተው ማወቅ ትፈልጋለች፤ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ሳይታሰብ ተበስቶ ይሰምጣልና። አንዱን ዓመት አውሎ ነፋስ፣ ሌላውን የፈቃድ ደብዳቤ መዘግየት፣ ሌላውን የነዳጅ እጦት አስቀርቷታል። ዛሬ ወይ ትለካለች ወይ ያበቃል።

ዝናቡ ሲያባራ ውሃው ሸሸ፤ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተቀመጠች። እስከ ጭናቸው እየሰመጡ በእግር መንገዳቸውን ቀጠሉ። ታንዚላ ልትደገፈው እጇን የሰደደችበት ግንድ አፉን ከፈተ።

«አዞ!» ሞክሌስ መቅዘፊያውን አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። አውሬው ጭቃውን እየገመሰ ወደ ውሃው ገባ።

ቦታው ሲደርሱ ጣውላም ችካልም የለም። የተረፈው በገጀራ የተቆረጠ ገመድ ነው፤ ቁርጡ ላይ ቀንድ አውጣ ተጣብቆበታል፤ ከተሰረቀ ቆይቷል። ታንዚላ እየጮኸች ሳጥኗን ወረወረችው። ከዚያ ራሷ ተንበርክካ ከጭቃው ትፈልገው ጀመር።

ከሩቅ የሚወጣ ጭስ ያየው ሞክሌስ ነበር። ጭሱን ተከትለው ከእንጨት ሌቦች ሰፈር ደረሱ። ጣውላዎቿ ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርድበት ርብራብ ሆነው ውሃው ዳር ተመትተዋል። ሦስት ሰዎች ገጀራ ይዘው ተነሡ።

«ማነሽ አንቺ?» አለ ጎፋር የሚሉት አለቃቸው።

«የጣውላው ባለቤት።»

«ስምሽ ተጽፎበታል?»

«ቁጥር ተጽፎበታል። አሥራ ሰባት ላይ ቆመሃል።»

ጎፋር ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ፤ ሳቀም። «ምርጥ እንጨት ነው። ትል አልነካውም። ጀልባዬንም በዚሁ ዓይነት ነው ያሠራሁት፤ ነገ ባሕር እገባለሁ።»

ታንዚላ መጋዙን ዘረጋችለት። «እንካ፣ ራስህ ቁረጠው።»

ቆረጠው። ላዩ ንጹሕ፣ ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ፤ ነጫጭ ትሎች ተርመሰመሱ። ጎፋር ወደ ጀልባው ሮጦ ቢላውን የጀልባው ሆድ ላይ ሰካው፤ እስከ እጀታው ገባ። ነቅሎ ቀዳዳውን በጣቱ ፈለፈለው።

«ስንት ሰው ልትጭን ነበር?» አለ ሞክሌስ።

«ስምንት። ባለቤቴም አለችበት።» ከዚያ በሰዎቹ ላይ አምባረቀ። «ምን ታፈጣላችሁ? ንቀሉላት!»

ሃያ ሦስቱ ተገኙ፤ የቀሩት ተማግደዋል። ከቦታው የተነሣ ጣውላ ለጥናት እንደማይቆጠር ታውቃለች፤ መሥሪያ ቤቷም አይቀበላትም። በእልህ አነባች።

«ታዲያ ጀልባዬን ከምን ልሥራ?» አላት ጎፋር።

ይህን ጥያቄ ከመሥሪያ ቤቷ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ለጠረጴዛ ሰው እንጂ ለጀልባ ሰው አንድ ቀን እንኳ እንዳልጻፈች ያን ጊዜ ገባት። እንባዋን በጭቃማ ክንዷ ጠርጋ መጋዙን ያዘች። አንድ በአንድ ቆረጡ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ላይ መጋዙ ጮኸ፤ ውስጡ እንደ ላዩ ጤነኛ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ርካሹ የጎማ ዛፍ፤ ቅጥራን የጠጣ። ግን እርግጠኛ ነኝ ብዬ አልፈርምልህም፤ ነቅለህ አበላሽተህብኛል! ጣውላው እንደገና ይታሰራል።»

«ማን ሊጠብቀው?»

«አንተ።»

ጎፋር ተራገመ፣ ምራቁን ተፋ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ችካል ትከሻው ላይ አድርጎ ውሃው ውስጥ ገባ።