በመተላለፊያው መሐል የቆመው አልጋ

አልጋው ዶክተር ገዛኸኝን አልፎት ሄደ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ወዲህ ይህ ሦስተኛው ነው። የተሰበረ ጭኑን በሁለት እጁ የያዘ ወጣት ተሸክሟል። የገዛኸኝ ክፍል በሆነው በክፍል ሦስት በር ላይ ለአፍታ እንኳ ሳያመነታ ወደ ክፍል አንድ ታጠፈ። ወለሉ ላይ የሚበራው አረንጓዴ ክር ከፊት ከፊቱ እየሮጠ መንገዱን ይመራው ነበር።

በሚሌ ከተማ የድንገተኛ ሕክምና ቤት በሽተኛ ሐኪሙን አይመርጥም፤ ሐኪምም በሽተኛውን አይመርጥም። የሚመርጠው አልጋው ነው። የተጎዳውን ሰው ከወደቀበት ሲያነሳ የልብ ምቱን፣ የፈሰሰውን ደም፣ የቁስሉን ጥልቀት ይለካል። ከዚያ የሐኪሞቹን የሙያ ገጽ ያነባል። የሙያ ገጽ የሚባለው በየክፍሉ በር ላይ የሚበራው ሰሌዳ ነው። ሐኪሙ የት እንደ ተማረ፣ በማን ሥር እንደ ሠለጠነ፣ ከየትኞቹ ሆስፒታሎች ጋር እንደሚሠራ፣ ስንት ሰው እንዳዳነ ይዘረዝራል። አንድ ሥራ በተጠናቀቀ ቁጥር ማንም ሳይነካው ራሱ ይጽፋል። አልጋውና ሰሌዳው ከመጡ አሥራ አንድ ዓመት ስለሆናቸው በዚህ የሚገረም ሰው የለም።

ገዛኸኝ የራሱን ገጽ ማየት ከተወ ቆይቷል። የክፍል አንድን ማየት ግን አልተወም።

የክፍል አንድ ሐኪም ሶልያና ኪሮስ ትባላለች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ገጿ ከበሩ አናት ተነስቶ ወደ እጀታው ይወርዳል፦ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት፤ የአራት ሆስፒታሎች ተባባሪ ሐኪም፤ የባሕር ጠረፉ የባቡር መስመር የአደጋ ቡድን አማካሪ፤ ለስድስት ወር በጠፈር ምሕዋር ጣቢያ የሠራተኞች ሐኪም። የእሱ ገጽ አራት መስመር ነው። ጅማ ተማረ። አሰላ ሠለጠነ። ሚሌ ሃያ ሁለት ዓመት አገለገለ። አራተኛው መስመር የዳኑለት ሰዎች ቁጥር ሲሆን፣ ይህ ቁጥር ከሁለት ዓመት ወዲህ ከነበረበት ብዙም ፈቀቅ አላለም። ወደ እሱ የሚመጡት አልጋዎች ጥቂት ናቸው። ይዘዋቸው ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ ይሞታሉ።

«ጋሼ፣ አንገትዎ እንዳይቀጭ» አለችው ሲስተር አያንቱ ከጀርባው። ሃያ ዓመት አብራው ስለሠራች ደፍራ ትናገረዋለች። «ያቺን ሰሌዳ በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚያነቧት?»

«ሰዓት ነው ያየሁት።»

«ሰዓቱ እኮ በዚህ በኩል ነው።»

ቅናት መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የሶልያናን የጫማ ኮቴ ከሰው ሁሉ ኮቴ ይለያል። በቀን ስንት አልጋ እንደሚገባላት ይቆጥራል። ባለፈው ወር ጉንፋን ይዟት ሁለት ቀን ስትቀር በደስታ አፏጨ፤ ማፏጨቱን ያወቀው ግን አያንቱ ቀና ብላ ስታየው ነው። እናም ከሦስት ሳምንት በፊት ለገጽ ጠባቂው ለአቶ ደምሰው ማመልከቻ አስገባ። አንድ ሰው በሠላሳ ሦስት ዓመቱ በአንድ ጊዜ ከአራት ሆስፒታሎች ጋር እንዴት ሊሠራ ይችላል? ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል ይጣራልኝ ብሎ ጻፈ። «ለሕዝብ ደኅንነት» የምትለዋን ሐረግ ሁለት ጊዜ ሰርዞ ሁለት ጊዜ መልሷታል።

መልሱ አልመጣም። በምትኩ አስተዳደሩ ክፍል ሦስትን ዘግቶ የዕቃ መጋዘን ሊያደርገው ነው የሚል ወሬ መጣ። ማን ይፈርድባቸዋል? አልጋ የማይገባበት ክፍል ከመጋዘን በምን ይሻላል?

አራተኛው አልጋ የደረሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። የተሸከመው የእንፋሎት ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ሁመድ ይባላል፣ የአርባ ዓመት ሰው። የመሰርሰሪያ ቧንቧ ተንሸራቶ ሆዱን መትቶታል። አልጋው በመተላለፊያው እየፈጠነ መጣና በክፍል አንድና በክፍል ሦስት መካከል ቆመ።

እንዲህ ያለ ነገር ማንም አይቶ አያውቅም። አረንጓዴው ክር ወደ ሶልያና በር ዘለቀ፤ ተመለሰ፤ ወደ ገዛኸኝ በር ዘለቀ። ከዚያ ለሁለት ተሰንጥቆ በሁለቱም በሮች ሥር በራ። አልጋው አልተነቃነቀም።

«ተበላሸ» አለች አያንቱ። «ቴክኒሻን ልጥራ።»

«ሰውየው እየደማ ቴክኒሻን?»

ገዛኸኝ ይህን ሲል ልክ ነበር። ቀጥሎ ያደረገው ግን ልክ አልነበረም። ክፍል አንድ ሁለተኛ ጠረጴዛ እንዳለው ያውቃል። ሶልያና የወጣቱን ጭን ለረዳቷ ትታ ልትወጣ እንደምትችልም ያውቃል። መጥራት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እሱ ግን ከአልጋው ሥር ያለውን ቀይ ማኅተም ሰበረና የእጅ መጎተቻውን ይዞ ሁመድን ወደ ክፍል ሦስት ጎተተ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሊድን የሚችል ሰው ደጁ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ለእሷ አሳልፎ ሊሰጥ አልቻለም።

በሩ ሲዘጋ ልቡ እንደ ወጣትነቱ ዘመን መታ። ሆዱን ዳሰሰ፤ ጠንክሯል። ጣፊያው ተቀዷል፤ ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። እጁ ሳያስበው በስተቀኝ ወዳለው ጥግ ተዘረጋ። እዚያ ሊያገኝ የፈለገው ሰፊውን ነው። ሰፊው የሚሉት መሣሪያ በጣት ወርድ ቀዳዳ ገብቶ፣ ከፀጉር በቀጠኑ መርፌዎች የተቀደደውን ደም ሥር ከውስጥ የሚሰፋ ነው። የእጁ ጣቶች ግን ያገኙት ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ነው። ለሟች ቤተሰብ ተብሎ የመጣ የውሃ ማቀዝቀዣ ነበር። ሰፊው ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ክፍል አንድ ተወስዷል። ሲወስዱት አኩርፎ ሦስት ቀን ምሳ አልበላም ነበር፤ አሁን ግን ረሳው።

«ደም ስቀዪለት» አለ። «ምላጭ አዘጋጂ፤ በእጄ እከፍተዋለሁ።»

«በእጅዎ ከከፈቱ አራት ዓመትዎ ነው፣ ጋሼ» አለች አያንቱ ዝግ ብላ። ደሙን እየሰቀለች ነበር። የደም ግፊቱ ቁጥር ወረደ። እንደገና ወረደ።

ሁመድ እጅጌውን ያዘው። «ዶክተር፣ ስማኝ።»

«እየሰማሁህ ነው።»

«እህት አለችኝ። ሎጊያ ነው ያለችው። ፋጡማ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «አንድ ሰው ላግባት ብሎ ጠየቀኝ። እምቢ አልኩት። መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም። ቆፋሪ ነው፣ እንደኔ። እኔ በአሥር ቀን የማወርደውን ቧንቧ እሱ በስድስት ቀን ያወርደዋል። አብረን ስንበላ ፊቱን ማየት አልችልም። በዚህ ብቻ ነው። ንገራት፤ ታግባው።»

ገዛኸኝ «እሺ፣ እነግራታለሁ» ሊል አፉን ከፈተ። መቀመጡን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

መቼ እንደ ተቀመጠ አያስታውስም። ቀዩን በርጩማ ስቦ፣ ጆሮውን ወደ ሰውየው አፍ አስጠግቶ፣ እጁን በእጁ ይዟል። ይህ የቆየ ልማዱ ነው። ተስፋ የሌለው ሰው ሲመጣለት በርጩማውን ስቦ ይቀመጥና ቃሉን ይቀበላል። ቤተሰብ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «ምን አለ?» ነውና፣ የተባለውን ሳይቀንስና ሳይጨምር ያደርሳል። አንዳንዴ እስከ ገጠር ቤታቸው ይሄዳል። ሊድን ይችላል ብሎ ባመነው ሰው አጠገብ ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ አያውቅም።

ሰውየውን በልቡ ቀብሮታል። ሶልያና ዘንድ እንዳይሄድ ብሎ ጎትቶ አምጥቶ እየቀበረው ነው።

ተነሳ። «አልነግራትም» አለ።

ሁመድ ዓይኑን ገለጠ።

«ራስህ ትነግራታለህ። አያንቱ፣ ሶልያናን ጥሪልኝ።»

ስሟን መጥራት ያለ ማደንዘዣ ጥርስ የመንቀል ያህል አመመው።

ሶልያና ጓንቷን እያጠለቀች ገባች። ቁጥሮቹን አየች፤ የተሰበረውን ማኅተም አየች። «ይሄ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?»

«እኔ ነኝ የጎተትኩት።»

«ለምን?»

«በኋላ ትጠይቂኛለሽ። ግፊ።»

ማኅተሙ የተሰበረ አልጋ በራሱ አይሄድም። ሦስቱ ገፉት፤ ሲንጫጩ ተሰምተው የማያውቁት ጎማዎች መተላለፊያውን በጩኸት ሞሉት። ክፍል አንድ ውስጥ ሶልያና ሰፊውን አስገባች። የሁመድ ደም አንሶ ስለነበር ሙሉ ማደንዘዣ አይችልም፤ በግማሽ ነቅቶ ነው የሚሰፋው። መርፌዎቹ ወደ ሆዱ ሲገቡ ፈራ። ልቡ ሲፈጥን ሰፊው ጮኸና ቆመ። ልብ እንዲህ በሚዘልበት ደም ሥር መርፌው ይስታል።

«ዝም በል፣ ተረጋጋ» አለችው። ባሰበት። እንደገና ሞከረች። ሰፊው እንደገና ቆመ። ከጭምብሏ በላይ ዓይኖቿ ገዛኸኝን ፈለጉ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። እሱ ግን በአሸናፊነት ፈገግ የሚልበት ጊዜ አልነበረውም።

ገዛኸኝ አያንቱን «በርጩማዬን» አላት። መጣለት። ተቀመጠ።

«ሁመድ፣ የዚያ ሰውዬ ስሙ ማን ነው?»

«የማን?»

«በስድስት ቀን የሚቆፍረው።»

«ያሲን» አለ ሁመድ፤ ስሙን ሲጠራ ፊቱ ተኮማተረ።

«እንዴት አድርጎ ነው በስድስት ቀን የሚጨርሰው?»

«እሱንማ ባውቅ...» ሁመድ ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ስለ መሰርሰሪያው ጥርስ፣ ስለ ውሃው ግፊት፣ ያሲን ከድንጋዩ ድምፅ ተነስቶ ፍጥነቱን እንዴት እንደሚቀይር ቀስ እያለ ነገረው። የሚጠላውን ሰው ሥራ እንዲህ አብጠርጥሮ የሚያውቀው ለምን እንደ ሆነ ገዛኸኝ አልጠየቀውም፤ ገብቶታል። የሁመድ የልብ ምት ወረደ። ሰፊው መስፋት ጀመረ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ደምሰው ሁለቱንም ወደ ቢሮው ጠራቸው። ጡረታው የደረሰ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ማኅተም ስለ መሰበሩ አስተዳደሩ ይጠይቅሃል፤ እኔን አያገባኝም» አለ ለገዛኸኝ። «እኔን የሚያገባኝ እነዚህ ሁለት ማመልከቻዎች ናቸው። አንደኛው ያንተ ነው። የእሷን ገጽ አጣራሁ፤ አንድ ፊደል አልተጋነነም።»

ገዛኸኝ ወለሉን አየ። ሶልያና ወደ እሱ ዞረች።

«ሁለተኛው የእሷ ነው። ስላንተ።»

አሁን ወለሉን ያየችው ሶልያና ናት። «የሰው ቤተሰብ ልጁ ሞቶበት በዓመቱ ቴምር ይዞ ይመጣል» አለች በመጨረሻ። «የኔን በር አልፎ እርስዎ ጋ ይገባል። እኔ ያዳንኳቸው ሰዎች ስሜን እንኳ አያውቁትም፤ ከሰሌዳው ላይ ነው የሚያነቡት። አልጋው የማይድን ሰው ለኔ አይሰጠኝም። ምን ቢያውቅብኝ ነው ብዬ ነው የጠየቅሁት።»

ደምሰው ሰሌዳው የማያሳየውን መስመር ከፈተላቸው። በገዛኸኝ ገጽ አምስተኛ መስመር ነበር። ቃል የተቀበለው፦ ስልሳ አንድ። ቃል ያደረሰው፦ ስልሳ አንድ። «ሰሌዳው የዳነውን ብቻ እንዲያሳይ ነው የታዘዘው። አልጋው ግን ሁሉንም ያነባል» አለ።

«ታዲያ ዛሬ ለምን ተበላሸ?» አለ ገዛኸኝ።

«አልተበላሸም። ሰውየው ሁለታችሁንም ነበር የሚፈልገው። አልጋው ሥራውን የተማረው እናንተን በማየት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ በሽተኛ ላይ ሁለት ሐኪም አብሮ ቆሞ አላየም። የት አይቶ ይምረጥ?»



በማግስቱ ጠዋት ሁመድ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ገዛኸኝን ሲያይ በጣቱ ጠራው። «ያልኩህን ነገር ለፋጡማ ነገርካት?»

«አልነገርኳትም። ራስህ ትነግራታለህ ብዬሃለሁ።»

«ጥሩ» አለ ሁመድ በእፎይታ። «እንግዲህ ቀስ ብዬ አስብበታለሁ።»

ገዛኸኝ እየሳቀ ወጣ። በክፍል አንድ በር ሲያልፍ አንገቱ ዞረ። በሶልያና ገጽ ላይ አዲስ መስመር ተጽፏል፦ የጣፊያ ስፌት፣ በሽተኛው ድኗል። ገጹ ለአንድ ሥራ የሚቀበለው የአንድ ሐኪም ስም ብቻ ነው። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀዘቀዘ።

ያን ጊዜ ከዋናው በር በኩል አንዲት አሮጊት የተኙበት አልጋ መጣና በሁለቱ ክፍሎች መካከል ቆመ። ክሩ ተሰነጠቀ። ሶልያና ከክፍሏ ወጣች። ሁለቱም ወደ አልጋው ሄዱ፤ አንዱ በግራ፣ አንዷ በቀኝ። ከአልጋው ራስጌ ያለችው ትንሽ ዓይን በርታ ወደ ሁለቱም ዞረች፤ የምታየውን ለመጀመሪያ ጊዜ እየመዘገበች ነበር።

እጀታውን ቀድማ የያዘችው ሶልያና ናት። ገዛኸኝ ይህን ልብ አለ፤ ከዚያ አብሮ ገፋ።